ተቀይሮ ሲወጣ ዋጋው የሚታወቅ ተጫዋች

ማልኮም ማርክስ በ2025 የዓለም የዓመቱ ምርጥ የራግቢ ተጫዋች ተብሎ ሲመረጥ፣ ስፖርቱን በቅርብ የሚከታተሉ ሰዎች የተደሰቱት ለእሱ ብቻ ብለው አልነበረም። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክስ የሚጫወተው በሁከር ቦታ፣ በስክረሙ (ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር ተቆላልፎ በሚገፋፋበት) የፊት ረድፍ መሃል ላይ ነው። ከእሱ በፊት በዚህ ቦታ እየተጫወተ ሽልማቱን ያገኘው አየርላንዳዊው ኪት ዉድ ብቻ ነው። እሱም የወሰደው በ2001፣ ሽልማቱ በተጀመረበት ዓመት ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከፊት ረድፍ ያሸነፈ ተጫዋች አልነበረም። በ2025 ግን ከማርክስ ጋር ከቀረቡት የመጨረሻ እጩዎች አንዱ ሌላው ደቡብ አፍሪካዊ ኦክስ ንቼ ነበር፤ ንቼ ደግሞ ፕሮፕ ነው፤ ማለትም በፊት ረድፍ ከሁከሩ ጎን የሚቆም።

ንቼ አላሸነፈም። እስካሁንም ፕሮፕ ሆኖ ይህን ሽልማት የወሰደ አንድም ተጫዋች የለም።

በራግቢ ዓለም በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። ግዙፎቹ የፊት ተጫዋቾች ይለፋሉ፣ ፈጣኖቹ የኋላ ተጫዋቾች ይሞገሳሉ ይባላል። የአሸናፊዎቹ ዝርዝር ሲቆጠር ግን ቅሬታው እንዲህ በደፈናው አያስኬድም። ሽልማቱ ከ2001 እስከ 2025 ድረስ 24 ጊዜ ተሰጥቷል፤ በ2020 ብቻ ተቋርጧል። ከ24ቱ 13ቱን የወሰዱት የፊት ተጫዋቾች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ግን አሥሩ ከስክረሙ ጀርባና ጎን የሚሰለፉት፣ እንደ ሪቺ ማካው፣ ፒተር ስቴፍ ዱ ቶይትና አርዲ ሳቪያ ያሉ ፍላንከሮችና ቁጥር 8 ተጫዋቾች ናቸው። እነሱ ኳስ ይዘው ይሮጣሉ፣ ኳስ ይነጥቃሉ፣ ካሜራም ያገኛቸዋል። ለሁለተኛው ረድፍ፣ ማለትም ለሎኮቹ፣ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2014 ለኒውዚላንዱ ብሮዲ ሬታሊክ። ሁከር ሁለት ጊዜ አገኘ። ፕሮፕ ዜሮ።

ከኋላ ተጫዋቾች በኩልም አድልዎው ተመሳሳይ ነው። አብዛኛውን የወሰደው ጨዋታውን የሚመራውና ኳስ የሚመታው ቁጥር 10 ነው፦ ጆኒ ዊልኪንሰን፣ ዳን ካርተር ሦስት ጊዜ፣ ቦደን ባሬት ሁለት ጊዜ፣ ጆኒ ሴክስተን። ሴንተር (ከኋላ ተጫዋቾች መሃል ላይ የሚሰለፍ) ሆኖ የተሸለመ የለም። ብዙዎች በቦታው ከታዩት ሁሉ የላቀ የሚሉት ብራያን ኦድሪስኮል እንኳ ሳይወስደው ጫማውን ሰቀለ። ስለዚህ ጥያቄው የፊትና የኋላ ተጫዋች ጉዳይ አይደለም። ሥራው በኳስ ላይ የሚታይለት ሰው ይሸለማል፤ ሥራው ሌላው ሰው ኳስ እንዲያገኝ ማድረግ የሆነ ሰው ይረሳል። የእግር ኳስ ተመልካች ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከ2006ቱ ፋቢዮ ካናቫሮ ወዲህ ባሎንዶርን የወሰደ ተከላካይ የለም።

የእነዚህን ሰዎች ዋጋ ለማየት ምን አደረጉ ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ባሻገር መሬት ላይ በማሳረፍ የሚገኝ ነጥብ) አያስቆጥሩም፣ ረጅም ሩጫ አይሮጡም። የሚሻለው እነሱ ከሜዳ ሲወጡ ቡድኑ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ ዓይን የታየ ጨዋታ ሌላ መልክ ይይዛል።

መጀመሪያ ግን የቁጥር 3ን፣ የቀኙን ፕሮፕ፣ ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ስክረም ከቀላል ጥፋት በኋላ፣ ለምሳሌ ኳስ ከእጅ ወደ ፊት ሲያመልጥ፣ ጨዋታው የሚቀጥልበት መንገድ ነው። ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር ተቆላልፎ ይገፋፋል፤ በታላላቅ ቡድኖች ዘንድ የአንዱ ወገን ክብደት ብቻ ከ800 ኪሎ ይበልጣል። በፊት ረድፍ ሦስት ሰዎች አሉ። ሁከሩ መሃል ነው፣ ግራና ቀኙን ሁለት ፕሮፖች ይይዙታል። በግራ ያለው ቁጥር 1 አንድ ትከሻው ነፃ ነው። የቀኙ ቁጥር 3 ግን ጭንቅላቱን በተጋጣሚው ፕሮፕና ሁከር መካከል ይሰካል፤ ሁለት ሰዎች በሁለቱም ትከሻው ላይ ይጫኑታል። ከኋላው ደግሞ የራሱ ጓደኞች ይገፉታል። ያ ሁሉ ኃይል የሚያልፈው በአንገቱና በአከርካሪው ነው። ጀርባው ቀጥ ብሎ ከቆየ ቡድኑ ሰላም ነው። ጉልበቱ ከተሸነፈ ወይም ደረቱ ወደ መሬት ካዘነበለ ስክረሙ ይፈርሳል፣ ዳኛው እጁን ያነሳል፣ ቅጣት ይሆናል። ቅጣት ማለት ደግሞ ሦስት ነጥብ ነው፤ ወይም ኳሱን ወደ ተጋጣሚው ጥግ መትቶ አውጥቶ ከዚያው ከጥጉ ጥቃት መጀመር ነው።

የራግቢ አሰልጣኞች የቆየ አባባል አላቸው፦ ቡድን ስትሠራ መጀመሪያ ቁጥር 3ን ምረጥ፣ ቀጥሎ የእሱን ተቀያሪ ምረጥ። ሽልማት ሰጪዎቹ ይህን አባባል የሰሙት አይመስልም።

የእንግሊዙ ዳን ኮል ታሪክ ነገሩን ከማንም በተሻለ ያሳያል። በ2019 ዮኮሃማ ላይ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ኮል ተቀያሪ ነበር። ጨዋታው ገና ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሳለ ቋሚው ቁጥር 3 ካይል ሲንክለር ጭንቅላቱን ተመቶ ወጣ፣ ኮል ገባ። የራግቢ ሕግ በፊት ረድፍ የሠለጠነ ሰው ብቻ እንዲሰለፍ ያዛል፤ በእሱ ቦታ የሚተካ ሌላ ሰው ስላልነበረ ቀሪውን ጨዋታ ከሞላ ጎደል ብቻውን ተሸከመው። ከፊቱ የቆመው በሐራሬ ተወልዶ ለደቡብ አፍሪካ የሚጫወተው ቴንዳይ ምታዋሪራ፣ በቅጽል ስሙ "አውሬው"፣ ነበር። ከእረፍት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ምታዋሪራ ወጥቶ ድካም ያልነካው ስቲቨን ኪትሾፍ ገባበት። የእንግሊዝ ስክረም ደጋግሞ ፈረሰ፣ የደቡብ አፍሪካው መቺ ሀንድሬ ፖላርድ ቅጣቶቹን ወደ ነጥብ ለወጠ፣ ደቡብ አፍሪካ 32 ለ 12 አሸነፈች። የሽንፈቱ ምልክት ኮል ሆነ። ከዚያ በኋላ እስከ 2023 ድረስ ለብሔራዊ ቡድኑ አልተጠራም።

በጥቅምት 2023 በፓሪስ ግማሽ ፍጻሜ እነዚሁ ሁለት ሀገሮች እንደገና ተገናኙ። ኮል 36 ዓመቱ ነበር፤ በቋሚነት ተሰለፈ። እሱና በግራ በኩል የተሰለፈው ጆ ማርለር ሜዳ ላይ እስካሉ ድረስ የእንግሊዝ ስክረም አልተነቃነቀም። እንግሊዝ በኦወን ፋረል እግር እየመራች 15 ለ 6 ደረሰች፤ የዋንጫው ባለቤት ሊሰናበት ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ሁለቱ ፕሮፖች ተቀይረው ወጡ። በደቡብ አፍሪካ በኩል ኦክስ ንቼና ቪንሰንት ኮክ ገቡ። ስክረሙ ከዚያ ወዲያ መልኩ ተለወጠ። ንቼ ተጋጣሚውን እየጠመዘዘ ወደ ኋላ ወሰደው፣ ቅጣት ተከታትሎ መጣ። አር ጂ ስናይማን ትራይ አስቆጠረ፣ ልዩነቱ ወደ ሁለት ነጥብ ጠበበ። ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀር ደግሞ ከስክረም ሌላ ቅጣት ተገኘ፤ ፖላርድ ከመሃል ሜዳ አካባቢ መትቶ አገባው። 16 ለ 15።

በማግስቱ የሁሉም ጋዜጣ ፎቶ ፖላርድ ነበር። ይገባዋል፤ ያን ምት በዚያ ጫና ውስጥ ሆኖ ማግባት ቀላል አይደለም። ግን የመታውን ኳስ ያመጣለት ማን ነው? እንግሊዝስ ለሃምሳ ደቂቃ ያህል ቅጣቱን እንዳትሰጥ ያደረጋት ማን ነበር? በ2019 ኮል የወደቀ ጊዜ ስሙን ዓለም ሁሉ ጠራው። በ2023 ሲቆም ግን ብዙ ተመልካች አላስተዋለውም። የፕሮፕ ስም በቴሌቪዥን የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ዳኛው ሲቀጣው ነው፤ ሥራውን በትክክል ከሠራ ምንም አይሆንም፣ ምንም ያልሆነ ነገር ደግሞ በድጋሚ አይታይም። ኮል 118 ጊዜ ለእንግሊዝ ተጫውቶ በ2025 ጫማውን ሰቀለ።

ከእሱ አጠገብ ሁለት ስሞችን ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ሁለቱም ቁጥር 3 ናቸው። የኒውዚላንዱ ኦወን ፍራንክስ በ2011ም በ2015ም ሀገሩ ዋንጫ ስታነሳ ፍጻሜውን በቋሚነት ጀምሯል። የደቡብ አፍሪካው ፍራንስ ማልኸርበ በ2019ም በ2023ም እንዲሁ። ከ2011 እስከ 2023 ድረስ ያሉት አራት የዓለም ዋንጫዎች በሙሉ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች በአንዱ ጀርባ ላይ አልፈዋል ማለት ነው። ሪቺ ማካውን፣ ዳን ካርተርንና ሲያ ኮሊሲን ራግቢ የማይከታተል ሰው ሳይቀር ሰምቷቸዋል። ፍራንክስንና ማልኸርበን ግን ስንት ሰው ያውቃል?

ፍራንክስ ለኦል ብላክስ (ለኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን) 108 ጨዋታ አድርጎ አንድም ትራይ አላስቆጠረም። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ለፈገግታ ይነሳል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ትራይ በማስቆጠር ሱስ የተያዘ፣ በዚያ ዘመን በዓለም አንደኛ የነበረ ቡድን፣ አንድም ጊዜ ያላስቆጠረን ሰው ለአሥር ዓመት ያህል ደጋግሞ ከመረጠ፣ ያ ሰው የሚሰጠው ነገር በነጥብ ሰሌዳ የማይለካ መሆኑን አሰልጣኞቹ ተረድተውታል ማለት ነው። መጨረሻው ግን አላማረም፤ ለ2019 ዓለም ዋንጫ ዝርዝሩ ሲወጣ ስሙ አልነበረበትም።

በ2023ቱ ፍጻሜ ደግሞ በሁከር ቦታ የሆነው ነገር አለ፤ በቂ አልተወራለትም። ማርክስ በምድብ ጨዋታዎቹ ወቅት ተጎድቶ ከውድድሩ ወጥቶ ነበር። አሰልጣኞቹ በእሱ ፈንታ ሌላ ሁከር አልጠሩም፣ ፖላርድን ጠሩ። ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ የቀረው ዋና ሁከር ቦንጊ ምቦናምቢ ብቻ ነበር። ፍጻሜው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምቦናምቢ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ። የገባው ዲዮን ፎሪ ነው። ፎሪ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር፤ ቀድሞ ሁከር ቢጫወትም ከጊዜ በኋላ ወደ ፍላንከርነት የዞረ ሰው ነው። ለስፕሪንግቦክስ (ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን) የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ2022፣ በ35 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ለዚያ ቡድን የጀመረ ሰው ከእሱ በፊት የለም።

ይህ ሰው ከኒውዚላንድ ጋር በተደረገ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ከ75 ደቂቃ በላይ በፊት ረድፍ ቆየ። ኳስ ከሜዳ ሲወጣ መልሶ የሚወረውረው ሁከሩ ነው፤ በዚያ በኩል ቡድኑ ተቸግሯል፣ መደበቅ አያስፈልግም። በስክረሙ ግን አልተበተኑም፣ እሱም ታክል ከማድረግ፣ ማለትም ኳስ የያዘን ተጋጣሚ ይዞ ከመጣል፣ አላረፈም። ደቡብ አፍሪካ በፖላርድ አራት ቅጣት ምቶች 12 ለ 11 አሸነፈች። የጨዋታው ኮከብ 28 ታክል ያደረገው ዱ ቶይት ሆነ፤ በዚህ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ፎሪ በዚያ ምሽት ቢሰበር ኖሮ 28ቱ ታክል ዋንጫ አያመጣም ነበር።

ከፊት ረድፍ ትንሽ ወደ ኋላ ስንል እንግሊዛዊውን ሪቻርድ ሂልን እናገኛለን። ከላይ ፍላንከሮች ይሸለማሉ ብያለሁ፤ ሂል ግን የተለየ ነው። እንግሊዝ በ2003 ዋንጫውን ስትወስድ ከሎረንስ ዳላሊዮና ከኒል ባክ ጋር ሦስተኛው እሱ ነበር። አንዱ በድምፁና በጉልበቱ፣ ሌላው ኳስ በመንጠቅ ይታወቁ ነበር፤ ሂል የሁለቱን ክፍተት ይሞላል። በመጀመሪያው የምድብ ጨዋታ ተጎድቶ ለሳምንታት ቢርቅም አሰልጣኙ ክላይቭ ዉድዋርድ ከቡድኑ አላሰናበተውም። እስኪድን ጠብቆ በግማሽ ፍጻሜው መለሰው፣ ፍጻሜውንም አሰለፈው።

የዚያ ፍጻሜ የመጨረሻ ደቂቃ ራሱ ይህን ጽሑፍ ይደግፋል። ዓለም የሚያስታውሰው ዊልኪንሰን በቀኝ እግሩ የመታትን ድሮፕ ጎል (ኳሱን መሬት አስነክቶ የሚመታ ጎል) ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁከሩ ስቲቭ ቶምፕሰን ኳሱን ከመስመር ውጭ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ አርቆ ወረወረ፤ አደገኛ ውርወራ ነበር። ሉዊስ ሙዲ ዘሎ ያዘው። ማይክ ካት ተሸክሞት ወደ ተከላካዮቹ ገባ፣ ማት ዶውሰን ክፍተት አግኝቶ ሾለከ። ከዚያ ዶውሰን ከተከመረው ሰው ሥር እስኪወጣ ድረስ አምበሉ ማርቲን ጆንሰን ኳሱን አንድ ጊዜ ወደ ፊት ተሸክሞ ጊዜ ገዛ። ዶውሰን ተነስቶ አቀበለ፣ ዊልኪንሰን መታ። 20 ለ 17። አምስት ሰው ያዘጋጀውን ስድስተኛው ጨረሰው፤ ሽልማቱም በዚያ ዓመት የስድስተኛው ሆነ።

የሂልን ዋጋ በመታጣቱ ለመለካት ግን ወደ 2001 መመለስ ይሻላል። የብሪታኒያና አየርላንድ ጥምር ቡድን ላየንስ አውስትራሊያ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ 29 ለ 13 አሸንፈዋል። በሜልቦርኑ ሁለተኛ ጨዋታም እረፍት ሲወጡ 11 ለ 6 ይመሩ ነበር። ከእረፍት በፊት ግን ሂል በናታን ግሬይ ክርን ተመትቶ ወደቀ፣ አልተመለሰም። ላየንስ ያን ጨዋታ 35 ለ 14 ተሸነፉ፣ ሦስተኛውንም ተሸንፈው በድምር 2 ለ 1 ተረቱ። የአንድ ሰው መውጣት ብቻ ያን ሁሉ አደረገ ማለት ማጋነን ይሆናል። ሆኖም ስለዚያ ጉዞ የሚናገሩ የሁለቱም ወገን ሰዎች የነገሩ መዞሪያ አድርገው ደጋግመው የሚያነሱት የሂልን መውደቅ ነው፤ ይህ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ይህ መለኪያ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። የኒውዚላንዱ ኮንራድ ስሚዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሕግ የተመረቀ፣ ቀጠን ያለ ሴንተር ነበር፤ 94 ጨዋታ ለኦል ብላክስ ተሰልፏል። ከማአ ኖኑ ጋር ከ60 ጊዜ በላይ ተጣምረው ሲጫወቱ የሚታየው ኖኑ ነበር፣ እያጋጨ የሚያልፈው እሱ ነውና። ስሚዝ የቆመበት ቁጥር 13 ቦታ ደግሞ ለመከላከል ከሁሉም ከባዱ ነው ይባላል። ወደ ውስጥ ገብቶ መግታት ወይስ ወደ ዳር መሸሽ የሚለውን በአንድ ቅጽበት መወሰን ያስፈልጋል፤ ከተሳሳተ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ነው። ስሚዝ እምብዛም አይሳሳትም ነበር። ሆኖም በ2015ቱ ፍጻሜ በእረፍት ሰዓት ወጥቶ ሶኒ ቢል ዊሊያምስ ሲገባ፣ ወዲያው ዊሊያምስ ለኖኑ አቀብሎ ትራይ ተቆጠረ። በዚያ ምሽት ብቻ የፈረደ ሰው ስሚዝ አያስፈልግም ነበር ሊል ይችላል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ያየ ግን እንዲህ አይልም።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ስለ ታላላቆቹ ሀገሮች ነው። ከእነሱ ውጭ የተወለደ ጎበዝ ተጫዋች ደግሞ ችግሩ ከቦታም በላይ ነው። ጆርጂያ በፈረንሳይ ክለቦች ውስጥ ለዓመታት የስክረም ምሰሶ የሆኑ ፕሮፖችን ስታፈራ ኖራለች። በ2022 ዌልስን በካርዲፍ 13 ለ 12 አሸንፋለች። ሆኖም የአውሮፓው ዋና ውድድር ሲክስ ኔሽንስ ስድስት አባላቱን ይዞ በሩን ስለዘጋ፣ ተጫዋቾቿ በየዓመቱ ዓለም በሚያየው መድረክ ላይ አይታዩም። ማሙካ ጎርጎድዘ በ2015 ዓለም ዋንጫ ቡድኑ በኒውዚላንድ 43 ለ 10 ተሸንፎም እሱ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ተመርጧል። እንደዚያ ዓይነት ዕድል የሚመጣው ግን በአራት ዓመት አንዴ ነው። ለእኛ ቅርብ የሆነችው ኬንያም በሰባት ሰው ራግቢ ኮሊንስ ኢንጄራን አፍርታለች። ኢንጄራ በ2016 የዓለም ሰቨንስ ውድድር የምንጊዜም ከፍተኛ የትራይ አስቆጣሪ ሆነ፤ ክብረ ወሰኑን በ2017 የእንግሊዙ ዳን ኖርተን እስኪወስደው ድረስ በምሥራቅ አፍሪካዊ እጅ ነበር። በዚያው በ2016 ኬንያ በሲንጋፖር ፍጻሜ ፊጂን 30 ለ 7 አሸንፋለች፤ ፊጂ በወራት ልዩነት የሪዮ ኦሊምፒክን ወርቅ የወሰደችው ያችው ቡድን ናት። ኢንጄራ ስለማያስቆጥር አልተረሳም፤ እያስቆጠረም ከናይሮቢ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ከአዲስ አበባ የአንድ በረራ መንገድ ላይ ያለ ታሪክ መሆኑን ሳስብ እኛም ብዙ እንዳላወራንለት ይሰማኛል።

ወደ ፕሮፖቹ ልመለስ። ለምን እንደማይሸለሙ የሚቀርበው ጠንካራው ክርክር ፕሮፕ ዛሬ 50 ወይም 60 ደቂቃ ብቻ ተጫውቶ ይቀየራል፤ 80 ደቂቃ ከሚጫወት ሰው ጋር እንዴት ይወዳደራል የሚል ነው። ክርክሩ ክብደት አለው። ግን ንቼ በፓሪሱ ግማሽ ፍጻሜ ተቀይሮ ገብቶ ያደረገውን ያየ ሰው የደቂቃ ብዛት ብቻውን ምንም እንደማይናገር ያውቃል። ሌላው መልስ ፕሮፖች በየዓመቱ ምርጥ 15 ቡድን ውስጥ ይገባሉ የሚለው ነው። በ15 ሰው ቡድን ውስጥ ሁለት ፕሮፕ መግባቱ ግዴታ ነው፤ ግዴታ ደግሞ እውቅና አይባልም።

ዋናው እንቅፋት የሚቆጠረው ነገር ይመስለኛል። የቴሌቪዥን ሰንጠረዥ ላይ የሚወጣው የተሮጠ ሜትር፣ የታለፈ ተከላካይ፣ ትራይ ነው። በስክረም የተገኘ ቅጣት የሚመዘገበው በቡድን ስም ነው እንጂ ባመጣው ሰው ስም አይደለም። የክለብ ተንታኞች ማን ማንን እንደጣለ፣ ማን ቀድሞ ወደ ክምሩ ደርሶ ኳሱን እንዳስጠበቀ ጨዋታውን መልሰው እያዩ ይቆጥሩታል፤ መረጃው አለ ማለት ነው። ለተመልካች አይደርስም እንጂ። ፖላርድ ሦስት ነጥብ ሲያገባ ከስሙ ሥር ቅጣቱን ያስገኘው ፕሮፕ ስም ቢጻፍ፣ እግር ኳስ ግብ የሆነ ኳስ ያቀበለን ተጫዋች እንደሚመዘግበው ማለት ነው፣ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ የሰው አመለካከት የሚለወጥ ይመስለኛል።

ይህ ጉዳይ ቸኮል የሚያስብልም ምክንያት አለው። ስክረም ጊዜ ይፈጃል፣ ይፈርሳል፣ እንደገና ይሠራል፤ ብዙ ተመልካች ይሰለቸዋል። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በቀላል ጥፋት የተሰጠን ፍሪ ኪክ (ከቅጣት ያነሰ ነፃ ምት) በስክረም መተካት ተከልክሏል፤ ጨዋታው እንዲፈጥን የሚወተውቱ ሰዎች ከዚህም በላይ እንዲቀነስ ይፈልጋሉ። ስክረም ዋጋ ካጣ ግን ራግቢ ከሌሎች ስፖርቶች የሚለይበት ነገር፣ 120 ኪሎ የሚመዝን ልጅና 80 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ቡድን እኩል አስፈላጊ የሚሆኑበት ነገር፣ አብሮ ይሄዳል። ሰው የማያውቀውን ሥራ ለማስቀረት ደግሞ ማንም አይሳሳም።

ቀጣዩ የወንዶች ዓለም ዋንጫ በ2027 በአውስትራሊያ በ24 ቡድኖች መካከል ይካሄዳል። ስክረም ሲሠራ ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ከመሄዱ በፊት ያለችውን አንድ ሁለት ሰከንድ ቁጥር 3 ጀርባ ላይ አድርጉት፤ ከዚያ እሱ ተቀይሮ ሲወጣ ቀጣዮቹን ሦስት ስክረሞች ቁጠሩ።